የዝናብ ቁጥርና የቦረና ግጦሽ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን አራት ኪሎ ለቡና በተገናኘን ቁጥር ይኼው ጥያቄ ነው። አብዛኞቻችሁ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ቦረና ከብት የምታረቡ ናችሁ። እንግዲህ በጽሑፍ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የወቅቱ የዝናብ ትንበያ «ከመደበኛ በታች 40 በመቶ» ይላል። ከብቶቼን ልሽጥ እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ረጋ በል። ትንበያው ዕድሉን ለሦስት ይከፍላል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም ፍንጭ ከሌለ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ግድም ይደርሰዋል። 40 ትንሽ ዘንበል አለ ማለት ነው። 60 ካለ ጆሮህን ቀስር።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ክረምቱ ጥሩ ነው አይደል?

መልስ፦ ለእኛ! ቦረና ሐምሌ ደረቅ ነው። ዋናው ዝናብ ጋና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ሐጋያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። ፒያሳ ጃንጥላ ዘርግተህ ለእረኛህ «እንኳን ደስ አለህ» ብለህ አትደውል።

ጥያቄ፦ የሳተላይት መረጃ አይበቃም?

መልስ፦ ያለፉትን ዓመታት ለማነጻጸር ግሩም ነው። ቺርፕስ የሚባለው ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ግን አንዱ ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በ5 ይሸፍናል። እዚያ አገር ደግሞ ዝናቡ ኮረብታውን ወዲህ አርሶ ወዲያ ይተወዋል። ስለዚህ መለኪያ ትከል። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ዕቃና ማስመሪያ ይበቃል። ከዛፍ አርቀው፣ ከብት እንዳይገለብጠው እጠረው። እረኛው በየጠዋቱ 3 ሰዓት አንብቦ ይድፋው። 1 ሚሊ ሜትር በካሬ ሜትር 1 ሊትር ውሃ ነው።

ቀኑንም ይጻፍ! ድምሩ ብቻ ያታልላል። የወሩ ዝናብ በሁለት ዶፍ ከወረደ፣ የተራቆተው መሬት ላይ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። ቁጥሩ መደበኛ፣ ሣሩ የለም።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ መቼ ነው የምሸጠው?

መልስ፦ እትዬ፣ ቀኑን ዛሬውኑ ይቁረጡ። እኔ ብሆን ሚያዝያ ሲያልቅ መለኪያው ከተለመደው ግማሽ ካልደረሰ፣ ወይፈኖቹንና ያረጁትን ላሞች ሥጋ ሳይጥሉ እሸጣለሁ። ጊደሮቹን አስቀራለሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፏል። «የሚቀጥለው ይመጣል» ብሎ የጠበቀ፣ ገበያ ያወጣው አጥንት ነበር።

ጥያቄ፦ እረኛዬ የሚሰማው ሽማግሌዎቹን ነው።

መልስ፦ ይስማ እንጂ። ካሎ፣ ማለትም ለጥጃ የተከለለው ግጦሽ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንተ ሚሊ ሜትሩን አድርስላቸው።