አገር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ለቤታችሁ ራውተር የማይጠፋ ስም ስጡት

ሰላም ወገኖቼ እንዴት ናችሁ፣ ሰሞኑን ሦስት አራት ሰው አንድ አይነት ነገር ስለጠየቀኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ጥያቄው «ለክረምት አዲስ አበባ ልሄድ ነው፣ እዛ ሆኜ እዚህ ቤቴ ያለውን ካሜራና ፋይል ማግኘት እፈልጋለሁ፣ የቤቴ አይፒ ግን እየተቀያየረ አስቸገረኝ፣ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ያዝ አሉኝ፣ የቱ ይሻላል?» ነው። (አይፒ ማለት ቤታችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት ቁጥር ነው፣ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ደሞ ቁጥሩ ቢቀየርም የማይቀየር ስም የሚሰጣችሁ አገልግሎት ነው።)

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ቀን ቀን የሰው ኔትወርክ ሳስተካክል ነው የምውለው፣ የራሴን ቤት ግን እንደነገሩ ነበር ያደረግኩት። ስሙን የሚያድሰውን ፕሮግራም ራውተሩ ላይ መጫን ሲገባኝ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩትና እናቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ምንም አላለም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለጠዋት ጉዳይ የውክልና ወረቀት ስካኑ አስፈለገኝና ማታ ልገባ ብሞክር እምቢ፣ ደግሜ ብሞክር እምቢ፣ ስሙ ወደየት እንደሚያመለክት ሳየው አይፒው የኛ ሰፈር ኢንተርኔት እንኳን አይደለም! ተጠልፌያለሁ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፣ «ላፕቶፗ የት አለች?» ስላት «ልጅህ ነዋ፣ የሱ ስክሪን ተሰብሮበት ዶርም ይዟት ሄደ» አለችኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፣ ላፕቶፗ ዶርም ገብታ ዋይፋይ ስታገኝ «ቤታችን አሁን እዚህ ነው» ብላ አሳወቀች፣ የኔ ቤት ስም ሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ተማሪ ሆነ። ወረቀቱን ባለቤቴ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ።

እና ከየትኛውም ካምፓኒ ምርጫ በፊት ይሄን ያዙልኝ፣ ስሙን የሚያድሰው ራሱ ራውተሩ ይሁን። ከቤት የማይወጣው እሱ ብቻ ነው። ስለዚ መጀመሪያ ወደ ራውተራችሁ ሴቲንግ ገብታችሁ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ወይም ዲዲኤንኤስ የሚለውን ፈልጉና እዛ የተዘረዘሩትን አገልግሎቶች እዩ፣ ከዝርዝሩ ውጪ ያለ ነገር ቢያምራችሁም ራስ ምታት ነው።

ነገርየው ምን እንደሆነ ላልገባው ደሞ ባጭሩ፣ ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ የሚሰጣችሁ አይፒ አድሬስ የኪራይ ነው፣ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ወይ ደስ ባላቸው ጊዜ ሊቀይሩት ይችላሉ። ስደት መጀመሪያ ላይ በየስድስት ወሩ ቤዝመንት ስንቀያይር ሰው የሚያገኘን በስልክ ቁጥራችን አልነበር? ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ማለት ያቺ የማትቀየረው ስልክ ቁጥር ናት፣ አይፒው ሲቀየር ራውተሩ «አሁን እዚህ ነኝ» ይላል፣ ስሙ እዛው ይቆያል።

አሁን ብዙ ሰው ዘሎት ገንዘቡን ወደሚያባክንበት ልምጣ። ራውተሩ ስታተስ ገጽ ላይ ዋን አይፒ (WAN IP) ወይም ኢንተርኔት አይፒ የሚል አለ። እሱን ጻፉት፣ ከዛ ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ «what is my ip» ብላችሁ ከሚመጣው ጋር አስተያዩት። አንድ ከሆኑ እሰየው። ካልሆኑና የራውተሩ አይፒ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ አቅራቢያችሁ አንዱን አይፒ ለብዙ ቤት አካፍሎታል ማለት ነው፣ ሲጂናት (CGNAT) ይሉታል። እንግዲህ እዚህ ላይ የዓለም ምርጥ የተባለውን ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ብትገዙ አይሰራም፣ ምክንያቱም ስሙ የሚያደርሳችሁ የግቢው በር ድረስ ነው፣ ዘበኛው ደሞ የቱ ክፍል እንደሆናችሁ አያውቅም። የቲሞባይል የቤት ኢንተርኔትና መደበኛው ስታርሊንክ እንዲህ ናቸው፣ ጀርመን ያላችሁ በኬብል ኢንተርኔት ዲኤስ ላይት የሚባል ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማችኋል። እንዲህ ከሆነ ወይ ደውላችሁ ፐብሊክ አይፒ ጠይቁ፣ ካልሆነ ቴይልስኬል የሚባለውን፣ ስልካችሁንና የቤታችሁን ዕቃ በቀጥታ የሚያገናኝ ፕሮግራም ተጠቀሙ፣ እሱ ከውስጥ ወደ ውጪ ስለሚገናኝ ግድ የለውም፣ ለግል ነፃ ነው። ይሄን ጽሁፍ ማንበብም እዚህ ማቆም ትችላላችሁ።

የራውተሩ አይፒ በ192.168 ወይ በ10 ከጀመረ ደሞ ብዙ ጊዜ የአቅራቢው ሞደም ራሱም ራውተር ሆኖ ሁለት ተደራርበዋል፣ ሞደሙን ብሪጅ ሞድ ላይ (ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ እንዲያስተላልፍ) አድርጉልኝ በሏቸው።

እሺ የቱን እንምረጥ። ታሪኩን ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። ድሮ ሁሉም ሰው ዳይንዲኤንኤስ የሚባለውን አገልግሎት ነበር የሚጠቀመው፣ በ2014 ግንቦት ላይ ነፃውን አካውንት ዘጉት። በዛው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ደሞ ማይክሮሶፍት የቫይረስ ሰዎች ይጠቀሙበታል ብሎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የኖአይፒን (ሌላ ተመሳሳይ አገልግሎት ነው) ከ20 በላይ ዶሜይኖች፣ ማለትም የኢንተርኔት ስሞች፣ ተረክቦ ምንም የማያውቁ ሚሊዮኖች ቤታቸውን ከውጪ ማግኘት አቃታቸው፣ በቀናት ውስጥ ነው የተመለሰው። ለዛ ነው እኔ ስሙ የማን ነው የሚለውን ከዋጋው አስቀድሜ የማየው።

የኤሱስ፣ የቲፒሊንክ፣ የፍሪትዝቦክስ ራውተር ወይም የሲኖሎጂ ፋይል ማከማቻ ያለው ሰው ካምፓኒው ራሱ ነፃ ስም ይሰጠዋል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ለአብዛኛው ሰው እሱ በቂ ነው። ጉዳቱ ወደ ሌላ ካምፓኒ ራውተር ከቀየራችሁ ስሙ ከአሮጌው ጋር መቅረቱ ነው። ዳክዲኤንኤስ ነፃ ነው፣ እስከ አምስት ስም ይሰጣል፣ የሚኖረው በእርዳታ ስለሆነ ሲበላሽ ደውላችሁ የምትቆጡት ሰው የለም። የሚሰጣችሁን ቶክን (ስሙን ለማደስ የሚያስፈልግ የሚስጥር ኮድ) እንደ ቤት ቁልፍ ያዙት፣ ስክሪንሾት አንስታችሁ ግሩፕ ላይ «ይሄ ለምን አልሰራም» አትበሉ፣ አይቻለሁ! ኖአይፒ በጣም ብዙ ራውተር ላይ አለ፣ ነፃው ግን በየ30 ቀኑ ኢሜይል ከፍታችሁ አለሁ እንድትሉ ይፈልጋል፣ ሦስት ወር አገር ቤት ለሚቀመጥና ኢሜይሉን በሳምንት አንዴ እንኳን ለማያይ ሰው አይሆንም፣ ወይ ከፍላችሁ ተገላገሉ።

እኔ አሁን የምጠቀመው የራሴን ዶሜይን ነው። በዓመት አስር አስራ ምናምን ዶላር ነው፣ ስሙ ወደየት አይፒ እንደሚያመለክት የሚናገረውን መዝገብ (ዲኤንኤሱን) ክላውድፍሌር የሚባል ካምፓኒ በነፃ ይይዘዋል፣ ስሙ የራሴ ስለሆነ ነገ ክላውድፍሌር ቢያስጠላኝ ይዤው እሄዳለሁ። ሁሉም ራውተር አይችለውም ግን፣ ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለው ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ያላችሁ ትችላላችሁ። አንዲት ነገር ብቻ፣ ክላውድፍሌር ላይ ከስሙ አጠገብ ያለችዋን ብርቱካናማ ደመና ግራጫ አድርጓት፣ ካለዛ ስሙ የቤታችሁን ሳይሆን የክላውድፍሌርን አይፒ ይሰጥና ቪፒኑ (ከውጪ ወደ ቤታችሁ የሚያስገባችሁ የተቆለፈ መስመር) አይገናኝም።

ስሙ ሲሰራ ሰው ደስ ይለውና የካሜራውን ፖርት (ከኢንተርኔት የሚገባበትን በር) ለዓለም ይከፍታል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። በ2016 ጥቅምት ላይ ሚራይ የተባለው ቫይረስ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ የቤት ካሜራዎችን ሰብስቦ ትዊተርና ኔትፍሊክስን ጨምሮ የግማሽ አሜሪካን ኢንተርኔት አስጨነቀ፣ የተመታው ማን መሰላችሁ፣ ያው የዳይንዲኤንኤስ ባለቤት የነበረው ዳይን። ራውተራችሁ ላይ ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒን ካለ እሱን አብሩ፣ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ስሙን እዛ አስገቡት፣ ከውጪ የሚታይ ሌላ በር አይኑር። ባንኬም አዲስ አበባ ሆኜ በዚህ በኩል ስገባ ቤቴ ያለሁ ስለሚመስለው አያስጨንቀኝም። ዋየርጋርድ ስሙን የሚጠይቀው ሲገናኝ አንዴ ብቻ ነው፣ አይፒው መሀል ላይ ከተቀየረ ዝም ይላል፣ አጥፍታችሁ ስታበሩት ይመለሳል፣ ስለዚ ወዲያው አትደንግጡ።

በተቃራኒው አዲስ አበባ እናት ቤት ካሜራ ሰቅላችሁ ከዚህ ማየት የምትፈልጉም ያንኑ የአይፒ ፍተሻ እዛ አድርጉ። ሲም የሚገባበት ራውተር ከሆነ ባትለፉ ይሻላል፣ ብዙ ጊዜ የተካፈለ አይፒ ነው። መስመር ከሆነም መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሩ እየጠፋ ስለሚበራ አይፒው ቶሎ ቶሎ ሊቀየር ይችላል፣ ራውተሩን የሚይዝ ትንሽ ባትሪ ከማንኛውም ሰብስክሪፕሽን ይበልጣል።

ሙከራውን ሻንጣ የምትመዝኑ ቀን ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት አድርጉት። አገልግሎቱ ዌብሳይት ላይ ገብታችሁ አይፒውን ሆን ብላችሁ አበላሹት፣ 1.2.3.4 በሉት። ራውተሩን ነቅላችሁ ቡና አፍሉ፣ አቦሉን ጠጥታችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ከዛ ስልካችሁን ከዋይፋይ አውጥታችሁ በዳታ ሞክሩት፣ ቤት ውስጥ በዋይፋይ የሞከረ ሰው ምንም አልሞከረም። ቶናው ሳይቀዳ አይፒው ራሱ ከተስተካከለና ከገባችሁ ጨርሳችኋል።

ላፕቶፗ አሁንም ልጄ ጋ ናት፣ ፕሮግራሙን ግን ያኔውኑ አስጠፍቼዋለሁ።