የወገብ ከረጢት የግድ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል?

እናትዎ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነርቭ ላይ የተጫነ ከረጢት እንደታየባቸው ገልጸው፣ ቀዶ ጥገና የግድ መሆኑን ጠይቀዋል። ሕመም ብቻ ከሆነ የግድ አይደለም። እዚያ ቦታ በብዛት የሚታየው ካረጀ የአከርካሪ መገጣጠሚያ የሚያብጥ፣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። መጀመሪያ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ ወይም እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ መርፌ ይሞከራል፤ አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል። በመርፌ ማፍሰስም ይቻላል፤ ዳሩ ግን ተመልሶ ሊሞላ ይችላል።

ይህ ካልረዳ ሐኪሙ ከነርቩ በስተጀርባ ያለውን አጥንት በጥቂቱ ከፍቶ ከረጢቱን ያወጣል። አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው፦ ከረጢቱ ከነርቭ ሽፋኑ ጋር ሊጣበቅ ስለሚችል በማጉያ መሣሪያ እያዩ በቀስታ መላጥ ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ ከተቀደደ የአከርካሪ ፈሳሽ ይወጣል። እንዲያውም አንዳንዴ የተጣበቀችውን ቁራጭ እዚያው መተው ይሻላል።

ሐኪሙን አጥብቀው የሚጠይቁት፣ አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ተንሸራትቶ እንደሆነ ነው። ከተንሸራተተ አጥንቶቹን በብሎን ማያያዝ ሊታከልበት ይችላል፤ ማገገሙም ይረዝማል።

እግራቸው ከሰነፈ፣ መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።