ቀነ ገደብ ያመለጣችሁ የተማሪ አመራር አመልካቾች፣ ኑ ጠይቁኝ

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ለ8 ዓመት የአንድ የተማሪዎች አመራር ፕሮግራም አስተባባሪ ነበርኩ። ማመልከቻ ስቀበል፣ ሳጣራ፣ አንብበው ነጥብ ለሚሰጡት አንባቢዎች ሳከፋፍል ኖሬያለሁ። የዘገዩ ልጆች የሚጽፉት ኢሜይል ሁሉ የሚገባው እኔ ዘንድ ነበር። ሰሞኑን «አመለጠኝ» የሚል መልእክት ስለበዛብኝ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ ሰበብ አትፍጠሩ። ሳያማችሁ አትታመሙ፣ ያልሞተ ዘመድ አትቅበሩ። ይሄን ደጋግሜ ስለምለው ቻሉኝ።

ሦስተኛ ዓመት፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። የእኔ ቀነ ገደብ ትናንት 11:59 ፒኤም ነበር። ፋይሉ ትልቅ ነው እያለ አልጫን አለኝ፣ አሳንሼ እስክመለስ 12:04 ሆነ። የማስገቢያው ቁልፍ ደብዝዟል፣ ብጫነው ብጫነው ዝም። አለቀልኝ?

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ አላለቀልህም። ግን ዛሬን ካሳለፍከው ያልቃል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ፖርታሉን፣ ማለትም ማመልከቻ የሚገባበትን ድረ ገጽ፣ የሚዘጋው ማሽን ነው። ዝርዝሩን የሚያወርደው ግን ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ተኝቷል። እኔ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ነበር የማወርደው። ከዚያ ያልተሟሉትን እለያለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ እያንዳንዱን ፋይል ለ2 ወይም ለ3 አንባቢ እመድባለሁ። ይሄ አንዳንዴ 1 ቀን፣ አንዳንዴ 3 ቀን ይፈጃል። ምደባው ሳያልቅ የመጣ ሰው ለእኔ አንድ ተጨማሪ መስመር ነው። ምደባው ካለቀ በኋላ የመጣ ሰው ግን የ3 ሰው ሥራ ነው፤ ድርሻውን ለተቀበለ አንባቢ ሁሉ ደውዬ «አንድ ጨምርልኝ» ማለት አለብኝ። ያንተ ዕድል ያለው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጻፍ፣ ሐዘኑ በኋላ ይደርሳል።

ማመልከቻው የተጠራበትን ገጽ እንደገና አንብበው። «የዘገየ ማመልከቻ ፈጽሞ አይታይም» ብለው ከጻፉ ቃላቸውን አክብር። ምንም ካላሉ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ቦታው እስኪሞላ እንቀበላለን» የሚሉም አሉ፤ እነሱ ዘንድ ያለፈብህ ቀን ቅድሚያ የሚሰጥበት ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ኢሜይሉ እንዲህ ይሁን፦

«ርእስ፦ የዘገየ ማመልከቻ፣ ሙሉ ስም፣ የማመልከቻ ቁጥር።
ጤና ይስጥልኝ። ለዘንድሮው ፕሮግራም ማመልከቻዬን የጨረስኩት ከቀነ ገደቡ 5 ደቂቃ ዘግይቼ ነው። የፋይሉን መጠን ቀድሜ ባለማየቴ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሙሉ ማመልከቻዬን በአንድ ፒዲኤፍ አያይዣለሁ። የዘገየ የምትቀበሉ ከሆነ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነም የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሚከፈት ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።»

አለቀ። ርእሱ ላይ ስምና ቁጥር ያስገባሁት አስተባባሪዋ ፋይልህን ፍለጋ እንዳትደክም ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ያልኩት ለትሕትና አይደለም፤ ክርክሩን ይዘጋል። አባሪው አብሮ መሄድ አለበት። «ከፈቀዳችሁልኝ እልካለሁ» የሚል ሰው ገና አልጨረሰም ብዬ ነበር የማስበው፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነበርኩ። የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ደግሞ እምቢ የምትልህ ሴት እንኳ የምትመልሰው ነገር እንድታገኝ ነው።

የማታ ወፍ፦ ኢንተርኔት ጠፋብኝ ብልስ?

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ጠፍቶብሽ ነበር ወይስ ልታጠፊው ነው? የእውነት ከሆነ በአንድ መስመር በይው፤ ብዙ ክብደት ግን አይኖረውም፣ ሁሉም የሚለው እሱን ነው። የተበላሸው የእነሱ ፖርታል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የስህተቱን መልእክት ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺና አያይዢ። እሱ ሰበብ ሳይሆን ማስረጃ ነው። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ስክሪንሾት ከ4 ልጆች በአንድ ሌሊት መጥቶ ቀነ ገደቡን ለሁሉም በ1 ቀን ያራዘምንበት ጊዜ አለ።

ጠያቂው ልጅ፦ አመለጠኝ ምን ላድርግ?

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ምኑ? መቼ? በስንት ሰዓት? ማመልከቻው አልቋል አላለቀም?

ሀሳበ ሰፊ፦ እህታችን፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያላቸው ፕሮግራሞች የትኞቹ ናቸው?

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ የዛሬው ጉዳይ አይደለም።

ዝምተኛዋ፦ የእኔን ያበላሸው ሰዓቱ ነው። በሌላ አገር አቆጣጠር መሆኑን አላየሁም። እንዴት ነው የሚሰላው?

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እስኪ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የራሳችንን ጉድ እናውራ። 5:00 ፒኤም የሚለውን አይቶ «ከምሽቱ 5 ሰዓት» ብሎ ያነበበ ስንቱ ነው! 5:00 ፒኤም ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እሱ ማታ ተረጋግቶ ሲቀመጥ በሩ ከተዘጋ 6 ሰዓት አልፎታል። በተቃራኒው 11:59 ፒኤምን «11 ሰዓት ከ59» ብሎ አመሻሹ ላይ እየሮጠ የሚያስገባም አለ። እሱ ምንም አልጎደለበትም፣ ላቡ ብቻ ነው የፈሰሰው። የስልካችሁን ሰዓት በ24 አድርጉት። 17:00 የሚል ነገር አያሳስትም።

ሁለተኛ፣ 12:00 ኤኤም። «እስከ 15 ቀን 12:00 ኤኤም» ካለ 15ኛው ቀን የሚጀምርበት ደቂቃ ነው። ማለትም የ14ኛው ሌሊት። 15ን ሙሉውን አላችሁ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ የኒውዮርክ ሰዓት ክረምትና በጋ አንድ አይደለም። በእነሱ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ከዩቲሲ (የዓለም ሰዓት ሁሉ ከሚለካበት መነሻ ሰዓት) 5 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በበጋቸው፣ በሙቀቱ ወራት፣ 4። መስከረም ላይ ያሰላችሁት ታኅሣሥ ላይ በ1 ሰዓት ይለያል።

አራተኛዋ የምወዳት ናት። «ኤኒዌር ኦን ኧርዝ» የሚል ካያችሁ በምድር ላይ የትም ቢሆን ቀኑ ገና ካላለፈ አልረፈደም ማለት ነው። ከዩቲሲ 12 ሰዓት ወደኋላ ነው የሚቆጠረው። 11:59 ፒኤም በዚህ አቆጣጠር ሲሞላ በዩቲሲ የማግስቱ 11:59 ኤኤም ነው፤ እኩለ ቀን ሊሆን 1 ደቂቃ ሲቀረው። ስለዚህ «አመለጠኝ» ብላችሁ የተኛችሁ አንዳንዶቻችሁ ምንም ያመለጣችሁ ነገር ላይኖር ይችላል። ከማልቀሳችሁ በፊት አስሉ። ዝምተኛዋ፣ ያንቺ በየትኛው ነበር የተጻፈው?

ዝምተኛዋ፦ ይሄው አሁን ሳየው… ኤኒዌር ኦን ኧርዝ ይላል። 2 ሰዓት አለኝ!

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ!

ቀጥ ያለችው፦ ይቅርታ ግን እኔ አልተመቸኝም። እኛ እንቅልፍ አጥተን በሰዓቱ ያስገባነው ሞኞች ነን? በኢሜይል ልመና የሚገባ ከሆነ ቀነ ገደብ ለምን አስፈለገ? የአመራር ፕሮግራም እኮ ነው፣ ሰዓት የማያከብር ምን ሊመራ ነው?

የማታ ወፍ፦ 5 ደቂቃ ነው እኮ። ሰው ነን።

ቀጥ ያለችው፦ 5 ደቂቃውን ከፈቀድሽ 10 ይመጣል። ከ10 በኋላ ጠዋት ይመጣል።

ሀሳበ ሰፊ፦ ለነገሩ ዴድላይን አትበሉ፣ ቀነ ገደብ በሉ።

የማታ ወፍ፦ ማንም ዴድላይን አላለም።

ሀሳበ ሰፊ፦ በሌላ ቦታ ያሉትን ማለቴ ነው። ደግሞ «የጊዜ ገደብ» እና «ቀነ ገደብ» አንድ አይደሉም። ሰዓቱ ከተጠቀሰ…

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ሀሳበ ሰፊ፣ ተው። ቀጥ ያለችው ግን ልክ ነሽ፣ ጥያቄሽ እኔንም ያከራክረኝ ነበር። የነበረን ደንብ ይሄ ነው፦ ለአንዱ የፈቀድነውን በዚያው ቀን ለጻፈ ሁሉ እንፈቅዳለን፣ ካልሆነ ለማንም። የዘገየው ከእናንተ ጋር እኩል ነጥብ ሲያገኝ ቦታው የእናንተ ነው። መጠየቅ መብት ነው፣ መግባት ግን አይደለም። «እምቢ» ሲሏችሁ አትከራከሩ።

አራት ኪሎ ሜትር፦ መምህሬ እዚያ ሰው ያውቃሉ። ቢደውሉልኝስ?

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ አይደውሉ።

ሀሳበ ሰፊ፦ ለእኔ ሠርቷል እኮ።

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ለአንተ ሠርቶ ይሆናል። እኔ ጋ ስልክ የተደወለለት ልጅ ፋይል ላይ ማስታወሻ እጽፍ ነበር፣ «ተደውሏል» ብዬ። አንባቢዎቹ ያቺን ቃል ሲያዩ ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥ ብታይ! ልጁ ጎበዝ ቢሆን እንኳ የገባው በስልክ ነው ይባላል። መምህርህ ውለታ ሊውሉልህ ከፈለጉ የሚቀጥለውን ዓመት የድጋፍ ደብዳቤ በጊዜ ይጻፉልህ።

እንጉዳይ፦ ደብዳቤ ካሉ አይቀር፣ እኔ በሰዓቱ አስገብቻለሁ። ያላስገቡት ደብዳቤ ጻፊዬ ናቸው። የማን ጥፋት ነው?

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ከሁሉም የሚሻለው ችግር የአንቺ ነው። ብዙ ፕሮግራም የአመልካቹን ክፍልና የደብዳቤውን ክፍል ለይቶ ያያል። ያንቺ በሰዓቱ ከገባ ደብዳቤውን ጥቂት ቀን የሚጠብቁ አሉ። እኛ እንጠብቅ ነበር፣ ግን ማን እንደሚመጣ ካወቅን ብቻ።

አሁን 2 መልእክት ጻፊ። አንዱ ለደብዳቤ ጻፊሽ፦ ማስገቢያውን ሊንክ እንደገና ላኪላቸው፣ ከፖርታሉ የተላከላቸው ስፓም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አትውቀሻቸው። «እስከ ሐሙስ ይመችዎታል?» ብለሽ ቀን ቁረጪ። ሁለተኛው ለአስተባባሪዋ፦ «የእገሌ ደብዳቤ እስከ ሐሙስ ይደርሳል» በይ፣ በቃ። ሐሙስ ካልመጣ ሌላ ሰው መተካት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ ያን ሰው ግን ከዛሬ ጀምረሽ አዘጋጂው። ደግሞ ደብዳቤውን አንቺው ጽፈሽ በእሳቸው ስም እንዳትልኪ። ይሄንን የሚያደርጉ አሉ። የአመልካቹ ድርሰትና የመምህሩ ደብዳቤ እዚያው ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ኮማ ሲስቱ አይቻለሁ።

ጠያቂው ልጅ፦ እኔም አምልጦኛል፣ ምን ላድርግ? አልመለሱልኝም።

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ የጠየቅኩህን 4 ነገር መልስና እመልስልሃለሁ። ለሦስተኛ ዓመት የጻፍኩትንም አንብብ።

ለምለም መስክ፦ እህታችን፣ የእኔ ትንሽ ይለያል። በዚያ ሳምንት እናቴ ሆስፒታል ነበረች። እርስዎ ሰበብ አትፍጠሩ ሲሉ፣ እውነቱን ብናገርም ውሸት ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ።

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ እግዜር ይማርልሽ። ተናገሪ። «በዚያ ሳምንት እናቴ ሆስፒታል ስለነበረች አስታማሚ ነበርኩ» በይ፣ አንድ አረፍተ ነገር። የሕመሙን ስም፣ ስንት ሌሊት እንዳደርሽ መዘርዘር የለብሽም። የሐኪም ወረቀት አሁን አትላኪ፣ ከጠየቁ እንዳለሽ በይ። እኔ የምቆጣው ለሚፈጥሩት ነው፤ እነሱ ናቸው እንዳንቺ ያለውን ሰው የሚያስፈሩት።

አራት ኪሎ ሜትር፦ የእኔ 3 ሳምንት አልፎታል። ምንም ተስፋ የለም?

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ለዘንድሮ የለም። አትጻፍላቸው። ይልቅ ያ ድርሰት ሳይቀዘቅዝ ክፈተውና አንብበው። «ወደፊት አደርጋለሁ» ያልከውን አንዱን ነገር ምረጥና አሁን ጀምረው። የጥናት ቡድን ይሁን፣ ለአዲስ ገቢዎች መመሪያ ማዘጋጀት ይሁን፣ እስከ መጨረሻው አድርሰው። በሚቀጥለው ዓመት «አቅጃለሁ» የሚለው ቦታ ላይ «ሠርቻለሁ፣ 14 ልጅ ጀምሮ 9 ጨረሰ፣ 5ቱ ያቋረጡት በእኔ ስህተት ነው» የሚል ይገባል። አንባቢ እንዲህ ያለ መስመር ሲያገኝ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ድርሰቱን እንዳለ ብቻ እንዳትልከው፤ ያለፈው ዓመት ስም ሳይለወጥ የመጣ በየዙሩ ነበር።

የራሴንም ልንገራችሁ። ተማሪ እያለሁ አንድ ፕሮግራም አመልክቼ ከ2 ቀን በፊት ጨርሻለሁ ብዬ ተኛሁ። የተጫንኩት «አስቀምጥ» የሚለውን ነበር፣ «አስገባ» የሚለው ቀጣዩ ገጽ ላይ ነው። ያወቅኩት ከ1 ወር በኋላ «ያልተጠናቀቀ ማመልከቻ» የሚል ሲመጣልኝ ነው። ከዚያ ወዲህ የማረጋገጫ ኢሜይል ሳይደርሰኝ ኮምፒውተር አልዘጋም። እናንተም አትዝጉ።

ዝምተኛዋ፦ አስገባሁ! ማረጋገጫውም መጣ!

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ ጎሽ።

ጠያቂው ልጅ፦ 4ቱን መለስኩ፦ የክረምት አመራር ሥልጠና፣ ከትናንት ወዲያ፣ ማታ፣ አላለቀም።

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ እሺ። ዛሬ ማታ ጨርሰው፣ ነገ ጠዋት በላይኛው ኢሜይል ላከው። «5 ደቂቃ» የሚለውን ወደ እውነተኛው ቀይረው፣ እንዳለ ገልብጠህ እንዳትልክ።

ሦስተኛ ዓመት፦ (ከ2 ቀን በኋላ) እህታችን፣ መለሱልኝ! «ማመልከቻህ ደርሶናል፣ ለአንባቢዎች ይቀርባል፣ ቃል ግን አንገባም» ይላል። ምን ብዬ ልመልስ? ያጋጠመኝን ትንሽ ባብራራ፣ ለፕሮግራሙ ያለኝን ፍቅርም ብጨምርበት ብዬ 2 ገጽ ጽፌያለሁ።

የቀድሞዋ አስተባባሪ፦ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ።» 2ቱን ገጽ አጥፋው።