ኮንት ኤግሞንት ለምን አልሸሸም?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው፣ አጂፕ አካባቢ ቡና ይዘን ስለ ፍላንደርሱ ኮንት ኤግሞንት (በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን ንጉሥ ስር የነበረችው የኔዘርላንድስ መኳንንት) ተነሳና ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጨቅን። አንዱ ንጉሡን፣ የስፔኑን ዳግማዊ ፊሊፕን፣ ከድቷል ይላል፣ ሌላው ፕሮቴስታንቶቹን ሸጧቸዋል ባይ ነው። እኔ ያልገባኝ ደሞ ጓደኛው የኦሬንጁ ዊልያም እግሬ አውጪኝ ሲል እሱ ምን ይጠብቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ጓደኞችህ አላሳመኑኝም። ሰውየው እስኪሞት ካቶሊክ ነው፣ ፕሮቴስታንቶቹ መቼ የሱ ወገን ሆኑና ይሸጣቸዋል? የሱ ጥል ከአገዛዙ ነው፣ ሰው በእምነቱ እየተቃጠለ፣ የአገሬው መኳንንት ሳይጠየቁ ሁሉም ነገር ከስፔን ይወሰናል። በ1565 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ራሱ ስፔን ድረስ ሄዶ በፕሮቴስታንቶች ላይ የወጣው ህግ ይላላ ብሎ ዳግማዊ ፊሊፕን ለመነ፣ ንጉሡም አክብሮ ተቀብሎ በጥሩ ቃል ሸኘው፣ እሱ ተሳካልኝ ብሎ ደስ ብሎት ገባ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ግን ምንም አይላላም የሚል ደብዳቤ መጣ። እኔ ብሆን እዚች ጋ እነቃ ነበር።

በ1566 ነሐሴ ላይ እሱ በሚያስተዳድረው በፍላንደርስ ፕሮቴስታንቶች ቤተክርስቲያን እየገቡ ምስል መሰባበር ጀመሩ። ነገሩ ይብረድ ብሎ የፕሮቴስታንት ስብከት በተለመደበት ቦታ እንዲቀጥል ፈቀደ፣ ይቺ ኋላ ክስ ሆነችበት። እነ ዊልያም ስለ ጦር ሊያማክሩት ሲሉ ደሞ በንጉሤ ላይ አላነሳም አለ፣ በ1567 እንደገና የታማኝነት መሃላ ማለ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አንደኛ ውለታ አለኝ ብሎ ያስባል፣ ሳን ካንታንና ግራቭሊን በተባሉት ጦርነቶች ላይ ፈረንሳይን ለፊሊፕ ያሸነፈ እሱ ነዋ። የወርቅ ጠጉር ኒሻን (የታላላቅ መኳንንት ማኅበር አባልነት ምልክት) ስላለውም ከኒሻን ወንድሞቹ በቀር ማንም አይዳኘኝም ይላል። ለኔ ግን ትልቁ ምክንያት ኑሮ ነው፣ ዊልያም ጀርመን ውስጥ የቤተሰብ ርስት አለው፣ ኤግሞንት ሚስቱን ሳቢናንና ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ቢወጣ ያለ ርስት ምን ሊያበላቸው?

ፊሊፕ የላከው የጦር አዛዥ የአልባው መስፍን ጦር ይዞ ሲመጣ ኤግሞንት ወጥቶ ተቀበለው፣ በዚያው በ1567 መስከረም 9 ተያዘ፣ ኒሻኑን ማንም ከቁብ አልቆጠረለትም። ሰኔ 5፣ 1568 ብራስልስ አደባባይ ላይ እንደሱው ከታሰረው መኳንንት ከኮንት ሆርን ጋር አንገቱን ተቀላ።

ይገርምሃል፣ የኤግሞንት ልጅ መጀመሪያ በስፔን ላይ ካመፁት ጋር ተሰልፎ ነበር፣ በ1579 ከስፔን ታረቀና በ1590 ፈረንሳይ ውስጥ ኢቭሪ ላይ ለዚያው ለፊሊፕ ሲዋጋ ሞተ።