የሰባት ቡችሎች ቤት ፍለጋ፦ ለሱሉልታዋ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለሌሎቻችሁ በአጭሩ፦ ሱሉልታ ውስጥ የወተት ላሞች አሏት፤ የግቢዋ ውሻ ሰባት ወልዳለች። እናቲቱ የሀበሻ ናት፣ አባትየው የጎረቤት ጀርመን ሼፐርድ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ወር ሞልቷቸዋል፣ አራቱ ሴቶች ናቸው፣ ባለቤቷም «ሴቶቹን ራቅ አድርገን እንጣላቸው» ማለት ጀምሯል። ለማን ልስጥ፣ መቼ ልስጥ፣ በነጻ ነው ወይስ በብር ነው የጠየቀችው። እኔም ሆለታ አካባቢ ላሞች አሉኝ፤ ከበረቴ ብዙ ቡችላ ወጥቷል። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መቼ የሚለውን ቶሎ እንጨርሰው። አሁን አትስጪ። 8 ሳምንት ይሙላቸው። ሰዎች ይመጡና «ከትንሽነቱ ካልወሰድኩት አይለምደኝም» ይሉሻል። ቡችላ ሰውና አካባቢ በቀላሉ የሚለምደው ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው፣ 14ኛው ሳምንት ድረስ ነው፤ በሁለት ወሩ ቢሄድ ገና ብዙ ጊዜ አለው። በአንድ ወሩ የሄደው ግን ከወንድሞቹ ጋር እየተናከሰ ጥርሱን መቆጣጠር ሳይማር ነው የሚሄደው። ትምህርቱን አዲሱ ቤት ያሉ ልጆች እጅ ላይ ይጨርሳል፣ ከዚያ «ተናካሽ ነው» ተብሎ ይመለሳል ወይም ይባረራል።

እስከዚያ ድረስ ያለውን አንድ ወር በደንብ ተጠቀሚበት። የእርባታ ቡችላ ላም፣ ዶሮ፣ የጄኔሬተር ድምፅ፣ ወተት የሚጭን መኪና ያውቃል። የማያውቀው ሰው ነው። ከአላቢው ሌላ ማንም ነክቶት የማያውቅ ቡችላ ከተማ ሲገባ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በየቀኑ አንድ በአንድ አንሺያቸው፣ የጎረቤት ልጆች ቁጭ ብለው ይያዟቸው (ቁጭ ብለው ነው ያልኩት፣ ቆመው ሲይዙ ይጥሏቸዋል)። እግራቸውን፣ ጆሯቸውን፣ አፋቸውን ንኪ። ኋላ ሐኪም ሲያያቸው ትልቅ እፎይታ ነው።

ምግብ ላይ አንድ ነገር። ወተት ቤት ስለሆነ የላም ወተት በሳህን ሞልቶ ማስቀመጥ ይቀናናል። ብዙ ቡችሎችን ግን ተቅማጥ ያስይዛቸዋል። የእሷን ጡት ይጥቡ፣ ከጎኑ ደግሞ በውሃ የለሰለሰ እንጀራ ወይም ሩዝ ከተቀቀለና ከደቀቀ ሥጋ ጋር ስጫቸው። የምታጠባዋንም አትርሻት፣ እሷ በዚህ ጊዜ ከወትሮው እጥፍና ከዚያ በላይ ትበላለች።

የትል መድኃኒት እስካሁን ካልሰጠሻቸው ነገ ስጪ። ትሉ ከእናታቸው በማህፀንና በወተት ስለሚተላለፍ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 8ኛው ሳምንት ይሰጣል። ሆዱ የተነፋ ቡችላ አይተው «ጠግቧል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ትል ነው። እናቲቱም አብራ ትውሰድ። እዚህ ላይ የከብት አርቢዎችን ሁሉ የምለምነው ነገር አለ። ለላሞች ያስቀመጣችሁትን አይቨርሜክቲን በግምት ቡችላ ላይ አትውጉ። መጠኑ ለከብት ክብደት የተሠራ ነው፣ በዚያ ላይ ጀርመን ሼፐርድን ጨምሮ በአንዳንድ ዝርያዎች ውስጥ ይህን መድኃኒት አንጎላቸው የማይቋቋም ውሾች ይወለዳሉ። ያንቺዎቹ ዲቃላዎች ደግሞ ከማን ምን እንደወረሱ አይታወቅም። የመዥገር መርጫውም እንደዚሁ። ቁንጫ ካለባቸው በሳሙና እጠቢያቸው፣ ጸሐይ ላይ አድርቂያቸው፣ በማበጠሪያ ልቀሚላቸው፣ የሚተኙበትን ገለባ አውጥተሽ አቃጥይ።

ክትባት፦ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያው የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሁለቱም ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው) ይሰጣል፣ ከዚያ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታው በ3 ወር ነው። የመጀመሪያውን አንቺ ካስከተብሽና ካርድ ካስያዝሽ ቀሪው የተቀባዩ ሥራ ይሆናል። ገጠር ያለው የወረዳ ክሊኒክ የእብድ ውሻውን እንጂ ሌላውን ላያገኝ ይችላል፤ አዲስ አበባ ያሉትን የግል ክሊኒኮች ወይም ቢሾፍቱ ያለውን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አስቀድመሽ በስልክ ጠይቂ። ሰባቱንም ይዞ ሄዶ «አልቋል» መባል ያናድዳል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ለማን። የሚመጣውን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ ከዚህ በፊት የነበራችሁ ውሻ ምን ሆነ?

ይህች ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። «አርጅቶ ሞተ» ካለሽ፣ ስሙንም ከነገረሽ፣ ጥሩ ነው። «መኪና ገጨው» ካለሽ በሩ ክፍት ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ። «ጠፋ» ሲልሽ ከዚያ በፊት የነበረውስ ብለሽ ቀጥይ፤ እሱም ጠፍቶ ከሆነ ያ ግቢ ውሻ የሚጠፋበት ግቢ ነው። «ቡችላ ነበር፣ ደም አስቀምጦት በሁለት ቀን ሞተ» ካለሽ ደግሞ ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል፣ ግን አትስጪው፣ ቢያንስ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አትስጪው። ፓርቮ ሳይሆን አይቀርም፤ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። በኦሞ ቢያጥቡትም የአፈር ግቢ አይጸዳም። አዲሱን እዚያው ቦታ ማሰር እያወቁ መግደል ነው። እንዲህ ላለ ሰው አድጎ ክትባቱ ያለቀ ውሻ ፈልግ በይው።

ሁለተኛው ጥያቄ የት ነው የሚያድረው፣ ቀን ላይስ የት ነው የሚውለው። እዚህ አገር ቀኑን ሙሉ አጭር ሰንሰለት ላይ የሚውል ውሻ ስንቱ ነው። «ካልታሰረ አይከፋም» የሚሉት ነገር አለ፤ በርበሬ የሚያበሉም አጋጥመውኛል። የታሰረ ውሻ በእርግጥ ይከፋል፣ ችግሩ የሚከፋው ሌባውን መርጦ አይደለም፣ የቤቱን ሕፃንም ይጨምራል። የማያስር፣ ቢያስርም ጥላና ውሃ ያለው ሰው ምረጪ። ጆሮውን ቆርጠሽ ስጪኝ የሚል ከመጣ እኔ እዚያው ላይ እሰናበተዋለሁ።

የምትመርጫቸው ቤቶች ላይ ያለኝን ግምት ልንገርሽ። ላም ወይም ዶሮ ያለው እርባታ ለነዚህ ልጆች ከሁሉ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ሽታውንና ድምፁን ለምደው ነው ያደጉት። የአበባ እርሻዎችና መጋዘኖችም ጥሩ ናቸው፤ እዚያ ግን ድርጅቱን ሳይሆን ጥበቃውን አናግሪ። የሚመግበው እሱ ነው። ጥበቃው ውሻ የሚጠላ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ምንም ቢምል ዋጋ የለውም። ግንባታ ላይ ያለ ሕንጻ ግን ተጠንቀቂ። ኮንትራክተሩ ሁለትና ሦስት ቡችላ በደስታ ይወስድልሻል፣ ብሎኬቱንና ብረቱን ይጠብቁለታል፣ ሕንጻው ሲያልቅ ግን ሰዎቹ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳሉ፣ ውሾቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። የሰፈር ባዘኔ ውሻ ግማሹ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ እንደ አባቱ የሚያድግ ውሻ አልሰጥም። ምድር ቤት ቢኖር እንኳ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው አጀንዳ እሱ ይሆናል።

ሌላው ሰው የማያነሳው ነገር የጾም ጊዜ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳ ይዘጋል፣ ከቤትም ቅባት ያለው ፍርፋሪ አይወጣም። «በጾም ምን ታበላዋለህ?» ብለሽ ጠይቂ። እያሰበ ዝም ካለ አንቺ ንገሪው፣ ሽሮ ፍትፍትም ይበላል፣ እንቁላልም ይቀቀልለታል። በፋሲካ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ግቢ ውስጥ ይታረድና ጉበቱና ሳምባው ላይ የውሃ ከረጢት ያለበት ለውሻ ይወረወራል። ይህ አይደረግም። ያ ከረጢት ውስጥ ያለው ትል ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ ሰው ሆድ ገብቶ እዚያም ከረጢት ይሠራል። የበግ ጭንቅላት ጥሬውን ሲበላም በጎቹን አዙሪት የሚያሲዘው ትል በዚሁ መንገድ ይዞራል። ቀቅሎ መስጠት ነው፣ ከረጢት ያለበት ግን ይቀበር። ላም ቤት ለሚወስዱትም የእንግዴ ልጅና የተጨነገፈ ጥጃ ለውሻ አትስጡ በያቸው፤ ላሞችን የሚያስጨነግፍ በሽታ በዚያ በኩል ተመልሶ ይመጣል።

ሴቶቹ ጋ ደረስን። ስልክ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወንድ ነው?» ነው፣ ታውቂዋለሽ። እኔ የማደርገው ወንዶቹን ቶሎ አለመስጠት ነው። ሦስቱን ወንዶች መጀመሪያ ከለቀቅሽ ለሴቶቹ የሚደውል ሰው አይኖርም። ሰው ግቢሽ ድረስ ይምጣ፣ ሰባቱንም አንድ ላይ ይይ። «ወንድ ብቻ» ብሎ የመጣው ሰው እግሩ ላይ ወጥታ የተኛችውን ሴት ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ሴት ውሻ በደንብ ትጠብቃለች፣ ወንዱ ሽታ ተከትሎ አጥር ሲዘል እሷ ግቢዋ ናት። የሰዉ ፍርሃት በየስድስት ሰባት ወሩ የሚመጣው የሰፈር ወንዶች ሰልፍ ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ መፍትሔው ግን ማስመከን ነው። የሚያመክን ሐኪም ስልክ ከቡችላዋ ጋር አብረሽ ስጪ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ በቡችሎቹ አትከራከሪው፣ በላሞቹ ተከራከሪው። ተጥላ የተረፈች ሴት ውሻ በዓመት እስከ ሁለቴ ልትወልድ ትችላለች፣ ያልተከተበ መንጋ ይሆናል፣ መንጋው ደግሞ ሽታ ተከትሎ ወደ ወተት ቤት ነው የሚመጣው። እብድ ውሻ ላምም ይነክሳል፤ ላሟ ከታመመች መድኃኒት የላትም። አንድ የምትታለብ ላም ስንት እንደምትሸጥ እሱ ከኔ የበለጠ ያውቃል። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ጤና ተቋም ነው፣ ጸበልና ሥር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በነጻ ወይስ በብር? በነጻ አትስጪ፣ ግን አትነግጂም። የክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ወጪ ይክፈሉሽ። በነጻ ብለሽ ከለጠፍሽ ሦስት አራቱን ሰብስቦ መንገድ ዳር «ፒዩር ጀርመን» ብሎ የሚሸጥ ደላላ ከሁሉም ቀድሞ ይደውላል። አንዱን ብቻ ነው የምሰጠው ስትይው ይጠፋል። አንቺም ማስታወቂያሽ ላይ «የሀበሻና የጀርመን ሼፐርድ ዲቃላ» ብለሽ እቅጩን ጻፊ፣ የእናቲቱን ፎቶ ጨምሪ። ሴት ውሻ በአንድ ጊዜ ከተለያዩ አባቶች ልታረግዝ ስለምትችል ሰባቱም የዚያ ጎረቤት ላይሆኑ ይችላሉ። ጀርመን ነው ተብሎ የወሰደ ሰው በስድስት ወሩ ጆሮው አልቆም ሲለው ያባርረዋል። ዲቃላ ነው ተብሎ የወሰደው ግን ቢቆም ደስ ይለዋል፣ ባይቆምም አይገርመው።

ሲሄዱ በጠዋት ይሂዱ፣ ሳይበሉ፣ ሚኒባስ ውስጥ ያስመልሳቸዋል። ካርቶኑ ውስጥ እናቲቱ የተኛችበትን ጨርቅ ቁራጭ አድርጊ። ሁሉም በአንድ ቀን ባይወጡ ለእናቲቱም ለጡቷም ይሻላል። የተቀባዩን ስልክ ያዢ፣ «ካልተመቸህ ለእኔ መልስ፣ ለሌላ አትስጥ» በይው፣ የእውነት ከሆነ ግን ነው፣ የሚመለስበት ቦታ ካላዘጋጀሽ አትበይ።

እናቲቱን ደግሞ ወተቷ ከደረቀ በኋላ አስመክኛት፣ አለዚያ በዓመቱ እንደገና እዚሁ ነን። እስከዚያ ደም ማየት ስትጀምር ለሦስት ሳምንት ያህል በር ባለው ቤት ዝጊያት፣ የእሾህ አጥር ያንን ጀርመን አያስቆመውም። ክሊኒኩ ክትባቱንና ማምከኑን ስንት እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልን፣ እኔም ለሁለቱ ውሾቼ ቀጠሮ ልይዝ ነው።