«ዘጠና በመቶ አልቋል» ሲሏችሁ፦ የሶፍትዌር ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ዙር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሶፍትዌር ሥራ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሆኖም ስለ ኮድ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ጠያቂዎቹ የተቸገሩት ኮዱ ከሰው፣ ከዘመን አቆጣጠር፣ ከስም አጻጻፍና ከመብራት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ለመሥሪያ ቤታችን የንብረት መቆጣጠሪያ ሲስተም እያሠራን ነው። ሦስት ፕሮግራመሮች አሉ፤ ሥራው ሁለት ወር ዘግይቷል። «ዘጠና በመቶ አልቋል» ካሉን ስድስት ሳምንት ሆነ። ኃላፊያችን አምስት ሰው ተጨምሮ ቶሎ ይለቅ ይላሉ። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ሎሚ ስለሆነ ነው። ሎሚ ተቆጥሮ ይከፋፈላል፤ ኮድ ግን አንዱ ክፍል ከሌላው የተጠላለፈ ስለሆነ ለመከፋፈል ብዙ መነጋገር ይጠይቃል። በሦስት ሰዎች መካከል ያለው የመነጋገሪያ መስመር 3 ነው። ስምንት ሲሆኑ 28 ይደርሳል፤ ስምንትን በሰባት አባዝተው ለሁለት ቢያካፍሉ ያገኙታል። አዲሶቹን ሥራ የሚያስለምዱት ደግሞ እነዚያው ሥራ የበዛባቸው ሦስቱ ናቸው። ኦኤስ/360 የተባለውን የአይቢኤም የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ ብሏል፦ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል። የግድ ሰው ይጨመር ከተባለ መረጃ በማስገባት፣ በመፈተሽና ሠራተኛ በማሠልጠን ላይ ይጨመር። እነዚህ እንደ ሎሚው ይከፋፈላሉ።

አሁን ወደ «ዘጠና በመቶው» እንምጣ። ይህ ቁጥር የሚወጣው ከፕሮግራመሩ ሆድ ነው፤ እያታለለ አይደለም፣ እውነት መስሎት ነው። እርስዎ ግን በዓይን የሚታየውን ብቻ ይቁጠሩ። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ራሷ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጥ። 50 ደስጣ ወረቀት በሞዴል 19 ገቢ ታድርግ። ጥያቄው በሞዴል 20 ይምጣላት፣ 12ቱን በሞዴል 22 ወጪ ታድርግ። ቀሪው 38 መሆኑን ሲስተሙም ቢን ካርዱም (የግምጃ ቤቱ የወረቀት መቆጣጠሪያ) እኩል መናገር አለባቸው። ቀጥሎ 2 ደስጣ ተመላሽ ይሁን፤ 40 ይበል። ከዚያ ሆን ብላ 41 ወጪ ለማድረግ ትሞክር፤ ሲስተሙ እምቢ ማለት አለበት። ይህ ሁሉ ፕሮግራመሩ አጠገቧ ሳይቆም ካለፈ «አንድ አለቀ» ይበሉ። ካላለፈ ዜሮ ነው፣ ግማሽ የሚባል የለም። እንዲህ ያሉ 20 ሂደቶች ኖረው ያለፉት 7 ከሆኑ ሥራው ያለው 35 በመቶ ላይ ነው። ሰው በመጨመር ፈንታ ከቀሪዎቹ 13 ውስጥ ያለ እነርሱ ሥራ የማይጀመርባቸውን አራት ወይም አምስት ይምረጡና ሌላውን ወደ ሁለተኛ ዙር ያሻግሩት። ክፍያውንም በዚሁ ቆጠራ ቢያስሩት ይሻላል፤ በወር የሚከፈል ውል መዘግየትን ይሸልማል።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ፦ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሲስተም ወለድ ሲያሰላ መስከረም ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታል። ፕሮግራመሩ አስተካከልኩት ባለ በዓመቱ ይመለሳል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ጳጉሜን ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ስህተቶች አብረው ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ወርን 30 ቀን ነው ብሎ መደምደም ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ 6። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ሲያካፍሉ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 2015 እንዲያ ነበር፣ 2019ም እንዲያው ነው። ሁለተኛው ስህተት ቀኑን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲቀይሩ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ማድረግ ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ይዘልቃል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚከበረው በዚሁ ምክንያት መሆኑን እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ፕሮግራመሩ ሊጠይቃቸው ይችል ነበር። ይህ ሁለተኛው ስህተት በአራት ዓመት አንዴ ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሚታይ «ተስተካከለ» ተብሎ ይታለፋል።

ሦስተኛው የፕሮግራመሩ ጥፋት አይደለም። ዓመታዊው ወለድ ለ12 ይካፈል፣ ለ13 ወይስ በቀን ይሰላ? ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትቆጠር ወይስ ለብቻዋ? ይህን መወሰን ያለበት የማኅበሩ ቦርድ ነው። ሳይወሰን ሲቀር ኮዱን የጻፈው ልጅ በገዛ ግምቱ ይወስናል፣ እናንተም የምታውቁት መስከረም ላይ አባል ሲያኮርፍ ነው። ቦርዱ በአንድ መስመር ቃለ ጉባኤ ይያዝበት።

ማረሚያው፦ ዳታቤዙ (የሲስተሙ የመረጃ ቋት) ውስጥ ቀን በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ብቻ ይቀመጥ፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀየረው ስክሪንና ደረሰኝ ላይ ሲወጣ ነው። መቀየሪያው ኮድ በአንድ ቦታ ብቻ ይኑር፤ በየገጹ ከተበተነ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል። ከዚያ እነዚህን ቀኖች አስገብታችሁ ፈትሹት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ጃንዩዋሪ 7 ቀን 2024፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ብላችሁም ሞክሩ፤ ሲስተሙ ከተቀበላችሁ ገና አልታረመም።

ጥያቄ፣ ከዓለም ከተማ፦ የታካሚ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ አንድ ሰው ሦስት አራት ጊዜ ይመዘገባል። ፈልጉ ስንል የለም ይላል፤ ካርዱ ግን አለ።

መልስ፦ ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ይውሰዱ። መጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ በ6 መንገድ ይጻፋል። ሥ እና ስ፣ ሴ እና ሤ ሲጨመሩ 24 ይሆናል። አያይዞ የሚጽፍና ለያይቶ የሚጽፍ አለ፤ 48። «ኃ/ሥላሴ» የሚለውን አልቆጠርንም። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ አርባ ስምንት ሰው።

ስሙን ሰውየው እንደጻፈው አስቀምጡት፣ አትንኩት። ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ይኑር፤ እዚያ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ይጠቃለላሉ (ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ)፣ ክፍተቱ ይወጣል፣ «ገ/» «ወ/» «ኃ/» ይዘረዘራሉ። «ገ/» ገብረ ነው፤ «ወ/» ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ስለሚችል ጾታውን አይተው ይለዩት። ሠራተኛው የፈለገውን ቢጽፍ ፍለጋው በዚህ ዓምድ ይሁን። የተገኙትን ስሞች ሲስተሙ በራሱ እንዳያዋህዳቸው ግን አደራ፤ በስም፣ በአባትና በአያት ስም የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀበሌ መኖራቸው ብርቅ አይደለም። የአንዱ የመድኃኒት ታሪክ ለሌላው ከተጻፈ ጉዳዩ ከካርድ መደራረብ የከፋ ነው። ዕድሜ፣ ጎጥና የእናት ስም አሳይቶ ሰው ይወስን። «የቤተሰብ ስም» የሚል የግድ የሚሞላ ሳጥን ካለም ያስወጡት፤ ሠራተኞች አንዴ አባት፣ አንዴ አያት እየሞሉበት ነው የሚበላሸው።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ለቀጠሮ ማስታወሻ ኤስኤምኤስ የምትልኩ ከሆነ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን ፊደል 160። ሰባ አንደኛው ፊደል ሁለተኛ መልእክት ያስከፍላል። በጀት ስታወጡ ሰላምታውን ቁጠሩት።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ሲስተሙን የሠራልን ልጅ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ፓስወርዱ እሱ ጋ ነው። ለወደፊቱ ምን እናድርግ?

መልስ፦ አሁን በሰላም እያለ፣ ስልክም እያነሳ፣ እነዚህን ተረከቡት፦ የዶሜይኑንና የሆስቲንጉን (የድረ ገጹን ስምና ሲስተሙ የተቀመጠበትን የኪራይ ቦታ) አካውንት (በግል ኢሜይሉ ከሆነ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይቀየር)፣ ሙሉውን ኮድ፣ የዳታቤዙን ፓስወርድና ሲስተሙ እንዴት እንደሚጫን የሚያስረዳ ጽሑፍ። መረከባችሁ የሚረጋገጠው በፊርማ አይደለም። ኮዱን አይቶ የማያውቅ ሌላ ባለሙያ ባዶ ኮምፒውተር ይሰጠውና ጽሑፉን ብቻ እያነበበ ሲስተሙን በአንድ ቀን ያስነሳው። የሚቸገርበት ቦታ ሁሉ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የቀረ ነገር ነው።

ጥያቄ፣ ከእነዋሪ፦ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ባክአፑን (የመጠባበቂያ ቅጂውን) ኢንተርኔት ላይ ማድረግ አይበቃም?

መልስ፦ ሒሳቡን እንሥራው። ዳታው 40 ጊጋባይት ቢሆንና ወደ ላይ የሚጭነው መስመራችሁ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሆን፣ ያለማቋረጥ 44 ሰዓት ይፈጃል። መጫን ያን ያህል ከፈጀ፣ ሰርቨሩ (ዳታው ያለበት ዋናው ኮምፒውተር) ተቃጥሎ መልሳችሁ ለማውረድ ስትፈልጉ ተገልጋይ ስንት ቀን በር ላይ እንደሚቆም አስቡት። ስለዚህ በየሌሊቱ የተለወጠው ብቻ ወደ ኢንተርኔት ይሂድ፤ ሙሉው በሳምንት አንዴ በሁለት ሃርድ ዲስክ እየተፈራረቀ ይቀዳና አንዱ ሁልጊዜ ከሕንፃው ውጭ ይደር። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የሚገዛው ሥራ ለማስቀጠል ሳይሆን ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ነው፤ ባትሪው ዝቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን እንዲዘጋ ሁለቱን የሚያገናኘው ኬብል ብዙ ቦታ ከካርቶኑ አይወጣም። በሦስት ወር አንዴም ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ የትላንቱን የመጨረሻ ደረሰኝ ፈልጉ። ካልተገኘ ባክአፕ የላችሁም።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፦ አዲሱን የሒሳብ ሲስተም ሐምሌ 1 ከአዲሱ በጀት ዓመት ጋር እንጀምር ተባለ። ስጋቶቹን ዘርዝሩ ተብለን 60 ጻፍን፤ ማንም አላነበበውም።

መልስ፦ ስድሳ ስጋት የሚያነብ የለም። ስምንት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ግን ምልክት፣ ባለቤትና ቀን ይኑረው። «መረጃው በጊዜ ላይገባ ይችላል» ምንም አይልም። እንዲህ ቢጻፍስ፦ «6,000 ካርድ አለ፤ አንዱ 4 ደቂቃ ይፈጃል፤ በጠቅላላው 400 ሰዓት። ሁለት ሰው በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 34 የሥራ ቀን። ግንቦት 15 ላይ 4,000 ካልገባ ሦስተኛ ሰው ይጨመራል፤ የሚወስነው የፋይናንስ ኃላፊው ነው።» ይህን ያነበበ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ሐምሌ 1ን በተመለከተ፣ አዲሱን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ባትሞክሩት እንመርጣለን። የሒሳብ ሠራተኞቻችሁ የሰኔ 30 መዝጊያ ላይ ሲያድሩ አዲስ ሲስተም አይማሩም። ግንቦትን አሮጌውም አዲሱም አብረው ይሥሩ፤ የወሩ ሚዛን በሁለቱም በሳንቲም እኩል ከሆነ ሰኔን በአሮጌው ዝጉና ሐምሌን በአዲሱ ክፈቱ። እኩል ካልሆነ ልዩነቱ የት እንዳለ እስኪታወቅ አሮጌው ይቀጥል። ሲጫንም አንድ ሰው ይጫን፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቨርዥን መኖሩን ሌላ ሰው ይይ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ ከስምንት ሰርቨሮቹ አንዱ ላይ አዲሱን ኮድ ሳይጭን በመቅረቱ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጥቷል። የተዘለለውን ሰርቨር የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰው አልተመደበም ነበር።