ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ሜክሲኮ ሰልፍ ያዙ

ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ላይ ቤት በስልክ የምትገዙ ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራው ለእናንተ ነው። እኔም እንደዚያው ገዝቻለሁ። ደላላው «ከሜክሲኮ ሃያ ደቂቃ ናት» አለኝ። አልዋሸም። የለካው እሁድ ጠዋት፣ በመኪና ነው። አገር ቤት ገብቼ ሰኞ ጠዋት ስሞክረው ሁለት ታክሲና አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ያደግኩባትን ከተማ አሜሪካ ሆኜ በካርታ መለካቴ እስካሁን ያናድደኛል።

አዲስ አበባን በኪሎ ሜትር አትለኳት። ስንት ታክሲ እንደሚያስቀይር ጠይቁ።

ይህች ከተማ ዱሮም መጓጓዣዋን ተከትላ ነው ያደገችው። ለገሃርን እዩ። ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው ማለት። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የከተማው ሞቅታ ከላይ፣ ጊዮርጊስና አራዳ ገበያ ነበር። ጣቢያው ግን ታች ተተከለ። ከተማዋም ቀስ በቀስ ቁልቁል ተሳበች። ዛሬ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማችሁ ብታዩ ከላይ ማዘጋጃ ቤት፣ ከታች ለገሃር ነው። ራስ ሆቴልና ብሔራዊ ቴአትር እዚያው ታች መሆናቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ድሬዳዋማ ጭራሽ ባቡሩ የወለዳት ናት፤ ሐዲዱን የሐረርን ተራራ ማስወጣት ስለከበደ ከታች ሜዳው ላይ ከተማ በቀለ።

በ2009 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ግን ለገሃር አይገባም። ተሳፋሪውን ለቡ በኩል ነው የሚያወርደው። ስለዚህ «ለባቡር ጣቢያ ቅርብ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የትኛው ባቡር እንደሆነ ጠይቁ።

የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 መስከረም ነው የጀመረው። አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፤ ለገሃርና ሜክሲኮ እዚህ መሃል ናቸው። ያኔ ሁላችንም ባቡሩ ያለበት ቦታ ወርቅ ነው አልን። ከዚያ በመለዋወጫ እጥረት ብዙ ባቡር ቆመ። አጥሩም ሌላ ጣጣ ነው፤ ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚያልፍበት ቦታ ከማዶ ያለችው ሱቅ ሩቅ አገር ሆናለች። መስመሩ ደጃችሁ ማለፉ አይበቃም። ባቡሩ በስንት ደቂቃ ይመጣል? የት ይሻገሩታል? እሱን እዩ።

መንገድ ሲሰፋ ደግሞ ቤት ይነሳል። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ የሆኑትን አይታችኋል። እግረኛው ሰፊ መንገድ አግኝቷል፣ እኔም ማታ ማታ በእግሬ እየሄድኩ ደስ ይለኛል። እዚያ ተወልደው ያደጉት ጎረቤቶች ግን ዳር ወጥተው አሁን ለሥራ መሃል ከተማ የሚገቡት በሁለት ታክሲ ነው። ይህንንም አብራችሁ ቁጠሩት። መሃል ከተማ ልትገዙ ከሆነ የወከላችሁት ሰው የቤቱን የይዞታ ካርታ ይዞ ክፍለ ከተማ ይሂድና ቦታው በፕላን ለመንገድ ተይዞ እንደሆነ ያጣራ። ደላላውን አትጠይቁት።

«መኪና እይዛለሁ፣ ምን ቸገረኝ» የምትሉም አላችሁ። የቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ መኪና ይዛችሁ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባችሁ፣ ገመዱን ከየት እንደምትስቡት ከወዲሁ አስቡ።

ለእረፍት ስትመጡ አንድ ቀን ከዘመድ መኪና ውረዱ። የሥራ ቀን ይሁን። ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሜክሲኮ፣ ልትገዙ ወዳሰባችሁት ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ጭራ ላይ ቁሙ። ሰዓታችሁን ያዙ። ቤቱ በር ላይ ስትደርሱ እንደገና እዩት። ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ የምትነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።